የታመመ ቦንሳይ አፈሩ መቼ ይቀየር? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቦንሳይ፣ ማለትም በትንሽ መትከያ ውስጥ አጥሮ እንዲያድግ የሚደረግ ዛፍ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አፈሩን መቀየር ነው። ይህ ሕክምና ግን ራሱ ዛፉን ሊገድለው ይችላል። አፈር ሲቀየር ውሃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች መቆረጣቸው አይቀርም። ጤነኛ ዛፍ በጥቂት ሳምንታት ይተካቸዋል፤ የደከመው ግን የሚተካበት ጉልበት የለውም።

በሕይወት መኖሩን ሳያረጋግጡ ማከም

ጥድ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በቀለሙ ብቻ አይፍረዱ። ከቅርንጫፍ ጫፍ ጀምረው ወደ ግንዱ እየወረዱ ቅርፊቱን በጥፍርዎ በስሱ ፋቅ ያድርጉት። ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ያ ክፍል ሕያው ነው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል። የዋርካና የሾላ ዘመድ የሆነው ፊከስ ከዚህም በላይ ይናገራል፤ ሕያው ከሆነ ከተፋቀው ቦታ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣዋል።

ጥማትንና የሥር መበስበስን ማምታታት

ሁለቱም ቅጠል ያጠወልጋሉ፤ የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ዛፉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ባለቤቱ ደግሞ ጠወለገ ብሎ ይጨምርለታል። ያልተቀባ የእንጨት ስንጥር ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈሩ ውስጥ ሰክተው ከ10 ደቂቃ በኋላ ይንቀሉት። ጠቆር ብሎ እርጥብ ከወጣ ውሃ አያጠጡ። ደረቅ ከሆነ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች እስኪፈስ ድረስ ያጠጡ። ቅጠል ላይ ውሃ መርጨት ሥር አያጠጣም፤ «በየሁለት ቀኑ» የሚለው ልማድም ፀሐዩንና ደመናውን አያውቅም። ተገዝቶ የመጣ ቦንሳይ አፈሩ ላይ በሙጫ የተጣበቀ ጠጠር ካለው መጀመሪያ እሱን ያንሱ። አለበለዚያ ውሃው ወደ ሥሩ ሳይደርስ በጠርዝ በኩል ይፈሳል።

ለማንኛውም ሕመም አፈር መቀየር

አፈር የሚቀየረው በደህና ጊዜ ነው። ዛፉን ከመትከያው ቀስ አድርገው አውጥተው ይዩ። ሥሩ ዳርና ዳሩን እንደ ገመድ ከተጠመጠመ፣ ውሃ ሲያጠጡት ላዩ ላይ ተኝቶ ከቆየ ወይም ዛፉ ከመትከያው ወደ ላይ ከተገፋ ጊዜው ደርሷል። ወጣት ፊከስ በየ2 ወይም 3 ዓመት፣ ጥድና ያረጁ ዛፎች ከዚያ ዘግይተው ይፈልጉታል። አፈሩ አሁንም ክፍት ክፍት ከሆነና ሥሩ ካልሞላው እንደነበረ ይመልሱት።

ከዚህ ውጪ የሚሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የበሰበሰ ሥር። ጠቁሮ የሚለሰልስና የሚሸት ሥር ካገኙ ወቅት አይጠብቁ። የበሰበሰውን ብቻ በንጹሕ መቀስ ይቁረጡ፤ ጫፉ ነጭ የሆነውንና ጠንካራውን አይንኩ። ሥሩ ሳይበሰብስ ዛፉ ብቻ ከደከመ ደግሞ ከነአፈሩ፣ ሥሩን ሳይፈቱ፣ ሰፋ ወዳለ መትከያ ያዛውሩትና ዙሪያውን ውሃ በሚያሳልፍ አፈር ይሙሉት። እስኪያገግም ድረስ ያ ይበቃዋል።

ወቅቱን መሳት

ፊከስ ሥር የሚያበቅለው በሙቀት ነው። በታኅሣሥ ብርድ የተቆረጠ ሥር ሳይተካ ስለሚቆይ ደጋ ላይ መጋቢትና ሚያዝያ የተሻሉ ናቸው። ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር ያላችሁ የፊከሱን ሙቀቱ ለሚበረታበት በጋ አቆዩት። በብርድ ጊዜ ቅጠላቸውን የሚያራግፉ ዛፎችን ግን ክረምቱ ሲወጣ፣ እንቡጡ አብጦ ቅጠሉ ሳይፈታ ቀይሩ።

የጓሮ አፈርና ከሥር የሚነጠፍ ጠጠር

የጓሮ አፈር ጥልቀት በሌለው መትከያ ውስጥ እንደ ጭቃ ይጠቀጠቅና አየር ይዘጋል። ጃፓኖች አካዳማ የሚባል የሸክላ አፈር ይጠቀማሉ። እሱ ከሌለ ለብሎኬት መሥሪያ የሚውለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጥሩ ነው። ፈጭተው በወንፊት ይንፉትና ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለውን ብቻ፣ በምስርና በሽምብራ ፍሬ መካከል የሆነውን ያስቀሩ። ዱቄቱን ይድፉት። ብዙ ሰው ውሃ እንዲወርድ ብሎ ከታች ትልልቅ ጠጠር ያነጥፋል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠሩ የሚያልፈው ከላይ ያለው አፈር ጠግቦ ሲሞላ ነው፤ ስለዚህ እርጥቡ ወደ ሥሩ ይቀርባል። ቀዳዳው ላይ ወንፊት ብቻ ያድርጉ።

ብዙ መቁረጥ

በአንድ ጊዜ ከሥሩ አንድ ሦስተኛ አይለፉ። የጥድን አፈር ሙሉ በሙሉ አጥቦ ማስወገድ በተለይ አደገኛ ነው፤ ከሥሩ ጋር ተረዳድቶ የሚኖረው ፈንገስም አብሮ ይሄዳል። በዚያው ቀን ቅርንጫፍ መግረዝና ሽቦ መጠምዘዝም ይቅር።

ከተቀየረ በኋላ መቸኮል

ዛፉን በመትከያው ቀዳዳዎች በኩል ባሳለፉት ሽቦ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። ነፋስ ካወዛወዘው የሚበቅሉት የሥር ጫፎች ይበጠሳሉ። ከዚያ ከታች የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ያጠጡትና ከ2 እስከ 4 ሳምንት ነፋስና የቀጥታ ፀሐይ በማያገኘው ብሩህ ጥላ ያቆዩት። ማዳበሪያ ለታመመ ዛፍ ምግብ አይደለም፤ ጨውነቱ ከተጎዳው ሥር ውሃ ይስባል። ቢያንስ 4 ሳምንት ይጠብቁ፤ ከዚያም አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ካዩ ብቻ በግማሽ መጠን አቅጥነው ይጀምሩለት።