የጄኔራሉን ታሪክ ከሞታቸው አትጀምሩ

በንጉሡ ዘመን ያገለገለ የጦር መኮንን ታሪክ ልጻፍ የሚል ሰው ሁሉ ወረቀቱን የሚከፍተው ደርግ ስድሳ ያህል የንጉሡን ባለሥልጣናት ከገደለባት ከኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ነው። አይፈረድበትም። ቤተሰብ የሚያስታውሰው ያንን ነው። ችግሩ ያቺ ሌሊት ከፊቷ ያለውን የአገልግሎት ዘመን ሁሉ ትውጠዋለች። እኔ የማውቃቸውን ሰዎች ሳግዝ መጀመሪያ የምለው ይኼን ነው፦ መጨረሻውን ለጊዜው ተዉትና ሰፊ ደብተር ግዙ።

ደብተሩን አራት ቦታ ክፈሉት። ቀን፣ ማዕረግ፣ ሹመት፣ ወሬውን ያገኛችሁበት። ማዕረግና ሹመት አንድ ላይ አይጻፉም። ማዕረግ ትከሻ ላይ ያለው ነው፤ ሹመት የሚያዙት ጦር ወይም የያዙት ወንበር ነው። ሁለቱን ስትቀላቅሉ ሰውዬው ከልጅነታቸው ጀምሮ ጄኔራል የነበሩ ይመስላል።

ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬን እንውሰድ። በ1943 ሚያዝያ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲዘምት የዘማቹ ኃይል አዛዥ ነበሩ፤ ማዕረጋቸው ኮሎኔል። በታኅሣሥ 1953 ሜጀር ጄኔራል ናቸው። በ1954 ሚያዝያ ደግሞ ኮንጎ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ሆኑ፤ አሁን ሌተና ጄኔራል። በኋላ የመከላከያ ሚኒስትር። በአሥራ አንድ ዓመት ገደማ ከኮሎኔል ሌተና ጄኔራል! ደብተሩ ላይ ሲሰለፍ ነው ፍጥነቱ የሚታየው።

ሌላም ነገር ይወጣል። ቃኘው የተመለመለው በብዛት ከክብር ዘበኛ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር ነው። በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥቱን የሞከረውም በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የሚመራው ይኸው ክብር ዘበኛ ነው። ጄኔራል ከበደ በዚያ ቀን የት ነበሩ? ከጄኔራል መርዕድ መንገሻ ጋር፣ ጦር ሠራዊቱን ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን አሰልፈው። የክብር ዘበኛን ልጆች ኮሪያ ድረስ የመሩ ሰው አዲስ አበባ ላይ ክብር ዘበኛን ወጉ ማለት ነው። ይኼን ማንም ቁጭ ብሎ አይነግራችሁም። ሁለት መስመር ጎን ለጎን ስታዩ ነው የሚገባችሁ። እኔ ብሆን የጽሑፉን ወገብ እዚህ ላይ ነበር የማደርገው።

አሁን ወደ ዘመን አቆጣጠር፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የውጭ ሰነድ ላይ ያለውን ዓመት ስትመልሱ ሁልጊዜ 8 አትቀንሱ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ ወዲያ 8። መፈንቅለ መንግሥቱ በፈረንጅ 1960 ነው፣ ጄኔራል መንግሥቱ የተሰቀሉት በ1961። በእኛ ግን ሁለቱም 1953 ናቸው፤ ታኅሣሥና መጋቢት። በጭፍን 8 የቀነሰ ሰው በሙከራውና በስቅላቱ መካከል አንድ ዓመት ይጨምራል።

አሕጽሮተ ቃልም ተጠንቀቁ። «ሌ/ኮ» (ሌተና ኮሎኔል) እና «ሌ/ጄ» (ሌተና ጄኔራል) በደበዘዘ ጋዜጣ ላይ አንድ ይመስላሉ። ከተጠራጠራችሁ የፊትና የኋላውን ቀን እዩ።

ጋዜጣ የት ይገኛል ላላችሁኝ፣ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ሂዱና የአዲስ ዘመንን የቆዩ ጥራዞች ጠይቁ። 6 ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም አለ። ቀኑን በግምት ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ግን አቧራ ስታራግፉ ትውላላችሁ። የኮንጎውን ዘመን ከተባበሩት መንግሥታት ሰነዶች ማግኘት ይቀላል። እዚያ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የኮንጎዋ ግዛት የካታንጋ መገንጠል ያበቃው በ1955 ጥር፣ ጄኔራል ከበደ የጠቅላላው ጦር አዛዥ ሳሉ ነው። ካታንጋ ውስጥ ሜዳ ላይ የመሩት ግን ሕንዳዊው ጄኔራል ፕሬም ቻንድ ናቸው። «ካታንጋን የያዙ» ብላችሁ ለአያታችሁ አታሸክሙ፤ የበላይ አዛዥነቱ ብቻውን ይበቃል።

አሁንም በሕይወት ያሉ የቀድሞ ወታደሮችን ስታገኙ «ጄኔራሉ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ጀግና ነበሩ» ይላችኋል፣ አለቀ። ይልቅ «ጋሼ፣ እርስዎ ያኔ የስንተኛ ክፍለ ጦር ነበሩ? የቅርብ አዛዥዎ ማን ነበር? ሰፈራችሁ የት ነበር?» በሉ። ሐረር ከሆነ 3ኛ ነው፣ አስመራ ከሆነ 2ኛ። ቦታው ከተያዘ ወሬው ራሱ ይመጣል፤ ቡናው ሳይወርድ ስም መቁጠር ይጀምራሉ። የሰማችሁትን በአራተኛው ዓምድ «በቃል» ብላችሁ ለዩት። ከጋዜጣ ጋር ሲጋጭ ሁለቱንም ጻፉ።

ይኼ ሁሉ ሲያልቅ ነው ወደ ኅዳር 14 የምትመለሱት። እዚያም ቢሆን ቀስ በሉ። ስድሳዎቹ ተብለው በአንድ ስለሚጠሩ ሁሉም አንድ ቦታ የሞቱ ይመስላል። ጄኔራል ከበደ ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሮቹ ከአክሊሉ ሀብተወልድና ከእንዳልካቸው መኮንን ጋር። የደርግ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ግን በዚያው ሌሊት የሞቱት በገዛ ቤታቸው፣ ሊይዟቸው ከተላኩት ወታደሮች ጋር ተታኩሰው ነው። የእናንተ ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳታረጋግጡ «ከጓዶቻቸው ጋር» የምትለዋን ሐረግ አትጻፉ።