በጫጫታ መካከል ንግግርን ለመለየት የሚረዱ መንገዶች

የመስማት ችሎታቸው የቀነሰ ብዙ ሰዎች ጸጥ ባለ ቤት ከአንድ ሰው ጋር ያለ ችግር ይጫወታሉ፤ ሠርግ ድንኳን ወይም የማኪያቶ ማሽን የሚጮህበት ካፌ ሲገቡ ግን ድምፁ እየተሰማቸው ቃሉ ይጠፋባቸዋል። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት መድከም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። እንደ ሰ፣ ሸ እና ፈ ያሉ ተነባቢዎች ቀጭንና ጉልበታቸው አነስተኛ ስለሆነ ቀድመው ይደበዝዛሉ፤ አናባቢው ግን ይሰማል። በዚህ ምክንያት «ሠራ» እና «ፈራ» ይምታታሉ፤ ጫጫታ ሲታከልበትም የቀረው ይሸፈናል።

ስለዚህ ተናጋሪው እንዲጮህ መጠየቅ እምብዛም አይረዳም። ጩኸት አናባቢውን ያጎላል እንጂ ተነባቢውን አያጠራም፤ የከንፈርንም ቅርጽ ያዛባል። ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሔ መቀራረብ ነው፤ ተናጋሪው ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ሲጠጋ ድምፁ እስከ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ሊጨምር ይችላል፣ ጫጫታው ግን ባለበት ይቆያል።

ቦታ መምረጥ የሚገባው ወሬው ሳይጀመር ነው። ከድምፅ ማጉያና ከኩሽና በር ይራቁ፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው መስታወት ከሆነ ክፍል ይልቅ ምንጣፍና መጋረጃ ያለበትን ይምረጡ። አንዱ ጆሮዎ የተሻለ ከሆነ እሱን ወደ ተናጋሪው ያዙሩ። በዕድር ስብሰባ ከኋላ መቀመጥ ትሕትና ቢመስልም፣ ከሰብሳቢው ፊት ለፊት መቀመጥ መብትዎ ነው።

ብርሃኑ በተናጋሪው ፊት ላይ ይረፍ፤ መስኮት ከጀርባው ካለ ፊቱ ይጨልምብዎታል። ዓይን ብዙ ያግዛልና፦ ፈ ሲነገር የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ስለሚነካ፣ ጆሮ ያምታታቸው «ሠራ» እና «ፈራ» በዓይን ይለያሉ። በአንጻሩ «በራ» እና «መራ» ከንፈር ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እነዚህን የሚለያቸው የንግግሩ አውድ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ስለ ምን እየተወራ እንደሆነ አስቀድሞ ቢነግርዎ ትልቅ እርዳታ ነው።

የመስሚያ መሣሪያ ካለዎት፣ ብዙዎቹ ከፊት የሚመጣውን ድምፅ እንዲያስቀድሙ ሊስተካከሉ ስለሚችሉ ጫጫታውን ከኋላዎ፣ ተናጋሪውን ከፊትዎ ያድርጉ። ከተናጋሪው ልብስ ላይ የሚሰካ ገመድ አልባ ማይክሮፎን ከተገኘ ደግሞ ርቀቱን ራሱ ያስቀራል። መሣሪያ ከመግዛት በፊት የአንገት በላይ ሐኪም ይመርምርዎ፤ መስማት በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከቀነሰ ግን ሳይዘገዩ በዚያው ቀን ይሂዱ።

ሳይሰሙ ራስን መነቅነቅ የብዙ ታላላቆቻችን ልማድ ነው፤ በተለይ በመድኃኒት መጠን ወይም በቀጠሮ ጉዳይ ግን አደጋ አለው። «ምን አልከኝ?» ከማለት ይልቅ የሰሙትን ጠቅሰው የጎደለውን ይጠይቁ፦ «ቅዳሜ ነው ያልከኝ፤ በስንት ሰዓት?» ቁጥርና ስም ከሆነ ስልክ ላይ እንዲጻፍልዎ ያድርጉ። ልጆችም መጀመሪያ «እማዬ» ብለው ጠርተው፣ እናት ፊታቸውን ወደ እነሱ ካዞሩ በኋላ፣ ረጋ ብለው፣ አንድ በአንድ ይናገሩ።