ቀዩ ቁልፍ ቢጫን ማን ይሰማል? የጀልባ ሬዲዮ ችግርና መፍትሄ

ብዙዎቻችን ያደግነው ከባሕር ርቀን ነው። ቢበዛ ጣና ወይም ሐዋሳ ላይ በጀልባ ተንሸራሽረን ይሆናል። አሁን ግን ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ያለን አንዳንዶቻችን ቅዳሜ ጠዋት መንጠቋችንን ይዘን ቼሳፒክ ቤይ ላይ እንገኛለን። ጀልባዋ ላይ ሬዲዮ አለ። ሬዲዮው ላይ ደግሞ ክዳን ያለው ቀይ ቁልፍ አለ።

ቁልፉ ሲጫን የማን ጀልባ እንደሆነችና የት እንዳለች በቻናል 70 በዲጂታል መልእክት ይልካል። ግማሽ ሴኮንድ ያህል ቢወስድበት ነው። እንግሊዝኛም አይጠይቅም። ሰው ሲደነግጥ አፍ መፍቻው እንኳ ይጠፋዋል፤ ለእኔ የዚህ ነገር ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

ቴክኖሎጂው ከትልልቅ መርከቦች የመጣ ነው። ጂኤምዲኤስኤስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የድረሱልኝ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1999 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። የመዝናኛ ጀልባ አይገደድበትም። ሆኖም አሜሪካ ውስጥ ከዚያው ዓመት ጁን 17 በኋላ ለፈቃድ የሚቀርቡ፣ ጀልባ ላይ የሚገጠሙ ቪኤችኤፍ ሬዲዮዎች (የተለመዱት የጀልባ ሬዲዮዎች) ዲኤስሲ የተባለው፣ ቀዩ ቁልፍ የሚልከው ዲጂታል ጥሪ እንዲኖራቸው ተደነገገ።

ቁልፉ ግን ያልነገራችሁትን አይናገርም። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃው) ከዓመታት በፊት እንዳሳሰበው፣ በዲኤስሲ ከሚደርሱት የድረሱልኝ ጥሪዎች 90 በመቶ ያህሉ ቦታ አይገልጹም። 60 በመቶ ያህሉ ደግሞ የተመዘገበ ማንነት የላቸውም። ሬዲዮው ተበላሽቶ አይደለም። ከተገዛ በኋላ መሠራት ያለበት ሥራ ስላልተሠራ ነው።

ስክሪኑ ላይ ቦታ አይታይም

በቁጥሮቹ ፋንታ ሰረዝ ብቻ ከታየ ወይም ሬዲዮው በየጊዜው ጢጥ እያለ ካስቸገረ፣ ጂፒኤስ አያገኝም ማለት ነው። እኔ ያገለገለች ጀልባ ስገዛ ከሬዲዮው ኋላ የሚወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች በናስትሮ ተጠቅልለው ነበር ያገኘኋቸው። የገጠመው ሰው ባትሪውንና አንቴናውን አገናኝቶ፣ ሰላም ብሎ ሄዷል። ሬዲዮው ያወራል፤ ማን ይጠረጥራል?

በቆዩት ሬዲዮዎች ላይ የጂፒኤሱ መላኪያ ሽቦ ከሬዲዮው መቀበያ ሽቦ ጋር መገናኘት አለበት። መላኪያን ከመላኪያ ያገናኘ ሰው ምንም አያገኝም። በቀለም አትመኑ፤ እያንዳንዱ አምራች የራሱ ቀለም ስላለው መመሪያውን ግለጡ። ሽቦው ልክ ሆኖ ቦታው ካልመጣ የሁለቱን የመረጃ መለዋወጫ ፍጥነት እዩ። አብዛኛውን ጊዜ 4800 ነው፤ አንዱ 38400 ላይ ከተቀመጠ አይግባቡም። አዲሶቹ ኤንኤምኢኤ 2000 በሚባለው አንድ ኬብል ነው የሚገናኙት። እሱ ላይ ሽቦ የማምታታት ጣጣ የለም፤ ግን ሬዲዮው ቦታውን ከየትኛው መሣሪያ እንደሚወስድ ሜኑው ውስጥ መምረጥ ሊያስፈልግ ይችላል።

ጂፒኤስ በውስጡ ያለው ሬዲዮም ከብረት ጣሪያ ሥር ከተገጠመ ሰማይ አያይም። ያኔ የውጭ የጂፒኤስ አንቴና ግዙለት።

እስክታስጠግኑት ቦታውን በእጅ መሙላት ይቻላል። ግን ጀልባዋ ትሄዳለች፤ የሞላችሁት ቁጥር ባለበት ይቀራል። ብዙዎቹ ሬዲዮዎች ከሞላችሁት 4 ሰዓት ሲያልፈው ያስጠነቅቃሉ፣ 23 ሰዓት ተኩል ሲያልፈውም ቁጥሩን ያጠፉታል። ስታስተካክሉ ቁጥሩን ከስልካችሁ ጋር አመሳክሩ።

ቀዩ ቁልፍ ተጭኖ ምንም አይልም

ኤምኤምኤስአይ የሚባለው ባለ 9 አኃዝ መለያ ቁጥር አልገባም። ለጀልባ እንደ ስልክ ቁጥር ነው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ የምትንቀሳቀሱ ከሆነ ቦትዩኤስን (የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ነው) ከመሳሰሉ ድርጅቶች ይገኛል። ወደ ባሃማስ ወይም ካናዳ የምትሻገሩ ከሆነ ግን ከኤፍሲሲ፣ ከአሜሪካ የኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት፣ ፈቃድና ቁጥር አውጡ፤ የነቦትዩኤስ ቁጥር ዓለም አቀፉ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ቁጥሩን ስትሞሉ ተረጋጉ። ብዙ ሬዲዮ የሚቀበለው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ያገለገለ ጀልባ የገዛችሁ ደግሞ የገባው ቁጥር የማን እንደሆነ አጣሩ። የቀድሞው ባለቤት ከሆነ፣ እናንተ ውሃ እየገባባችሁ የሚደወለው እሱ ቤት ነው። እሱ ሶፋው ላይ ቡናውን እየጠጣ "እኔ ደህና ነኝ" ይላል። ብዙውን ጊዜ በራሳችሁ ማጥፋት ስለማትችሉ አምራቹ ወይም ወኪሉ እንዲያጠፋው ስጡት።

እሰማለሁ፣ ግን የሚሰማኝ የለም

መጀመሪያ ሬዲዮው በ1 ዋት ላይ አለመሆኑን እዩ። ወደ 25 ቀይሩት። ከዚያ ማይኩን ስትጫኑ የስክሪኑ መብራት ደብዘዝ ካለ ኤሌክትሪኩ አይበቃውም። በ25 ዋት ሲልክ ከ5 እስከ 6 አምፔር ይጎትታል። እየላከ ሳለ ቴስተር ከሬዲዮው ኋላ አስገቡና ቮልቱን ለኩ። ባትሪው ላይ 12.6 ሆኖ እዚህ በብዙ ከወረደ ሽቦው ቀጭን ነው፤ ወይም መጋጠሚያው ዝጓል።

ኤሌክትሪኩ ደህና ከሆነ ወደ አንቴናው ሂዱ። የኬብሉን ጫፍ ፍቱት። መዳቡ ጠቁሮ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ንጹሕ መዳብ እስክታገኙ ቁረጡ፤ ካላገኛችሁ ኬብሉን ቀይሩ።

ዋት ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያወጡ አሉ። ከዋቱ ይልቅ ከፍታው ይበልጣል። የአንቴናውን ከፍታ በጫማ ለኩና ስኩዌር ሩቱን በ1.23 አባዙት። 9 ጫማ ከሆነ 3.7 የባሕር ማይል ያህል ነው። እንደናንተው ዓይነት አንቴና ካለው ሌላ ጀልባ ጋር 7 ማይል ገደማ ትደማመጣላችሁ። ሬስኪዩ 21 የሚባለው የኮስት ጋርዱ የሬዲዮ መረብ ማማዎች ረጃጅም ስለሆኑ እስከ 20 ማይል ያህል እንዲሰሙ ታስበው ነው የተሠሩት።

ይሥራ አይሥራ አላውቅም

ቀዩን ቁልፍ ለሙከራ አትጫኑ! በቻናል 16 "ይሰማል ወይ?" እያሉ መጠየቅም አይወደድም፤ የድረሱልኝ ድምፅ የሚሰማበት የጋራ ቻናል ነው። ሜኑው ውስጥ የሙከራ ጥሪ የሚል አለ። ለ003669999 ላኩት። የኮስት ጋርዱ ኮምፒዩተር ራሱ ይመልሳል።

ሳላስበው ተጫነ

አጥፍቶ ዝም ማለት አይሆንም። ሬዲዮው መልስ እስኪያገኝ በየ4 ደቂቃው ገደማ ይደጋግመዋል፤ አጥፍታችሁት ብትሄዱም ፍለጋው ሊጀመር ይችላል። መሰረዣ ካለው ሰርዙ። ከሌለው አጥፉና መልሳችሁ አብሩት። ከዚያ በቻናል 16 የጀልባዋን ስምና መለያ ቁጥሯን ጠርታችሁ፣ ጥሪው በስህተት እንደሆነ ተናገሩ። በስህተት የነካ ሰው ወዲያው ካሳወቀ ማንም አይቆጣውም። ወንጀሉ ሆን ብሎ ሲሆን ነው።

ሬዲዮውን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው

ይህንን ብልሽት ብሎ የሚቆጥረው የለም። ውሃ ውስጥ የሚወድቀው ግን ያው የሚያውቀው ሰው ሊሆን ይችላል። ለሚስትም፣ ለልጅም፣ ከአገር ቤት ለጥየቃ ለመጡት እናትም አሳዩአቸው። ክዳኑን ማንሳት፣ ጢጥ ማለቱን እስኪጨርስ 5 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያ በቻናል 16 "ሜይዴይ" (በሬዲዮ "ድረሱልኝ" ማለት ነው) ሦስት ጊዜ ማለት። የጀልባዋን ስምና ቁጥሯን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፋችሁ ሬዲዮው አጠገብ ለጥፉ። ውሃ የማያጠፋው ቀለም ይሁን።