አፋር ሲንቀጠቀጥ፣ ደሴ ግድግዳ ሲሰነጠቅ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

አፋር ውስጥ መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር ስልኬ ማረፊያ የለውም። ከደሴ ሰፈሮች ከሆጤና ከገራዶ፣ ከጎረቤታችን ከኮምቦልቻም ይደወላል። ጥያቄው ያው ነው፦ «ግድግዳዬ ተሰነጠቀ፤ እሳተ ገሞራው ወደኛ መጣ እንዴ?» ሥራዬ አፈርና መሠረት መመርመር ስለሆነ ሄጄ አያለሁ። ስንጥቁም ፍርሃቱም እውነት ነው። ምንጫቸው ግን ብዙውን ጊዜ ለየቅል ነው። መንቀጥቀጥ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ፤ በቀጥታ ወደ ምልክቶቹ ልግባ።

ምልክት፦ ተራራው አበጠ፣ ግን አልፈነዳም

መንስኤው ከሥር የተጠራቀመ ግፊት ነው። ቅልጥ አለት፣ ጋዝ ወይም የጋለ ውሃ ሲገፋ ላዩ ኩፍ ይላል። ዝዋይ አጠገብ ያለው አሉቶ በ1996 እና በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ። ፍንዳታ አልተከተለም። «አበጠ» የሚለውን ብቻ ሰምታችሁ ዕቃ አትሸክፉ። መንቀጥቀጡ ወደ ላይ እየቀረበ ነው ወይ? ጋዙስ ጨምሯል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ።

ምልክት፦ የሳተላይት ምስሉ ቀይና ቢጫ ሆኗል

ቀዩ እሳት አይደለም! ሴንቲኔል የተባለው ሳተላይት በራዳር በሚያነሳው ምስል ላይ አንድ ሙሉ የቀለም ቀለበት መሬቱ ወደ ሳተላይቱ ወይም ከሳተላይቱ 2.8 ሴንቲ ሜትር ያህል መንቀሳቀሱን ያሳያል። ቀኑ ያልተጻፈበትን ምስል ለሰው አትላኩ።

ምልክት፦ መሃሉ ሰመጠ፣ ግራና ቀኙ ተነሳ፣ መንቀጥቀጡም ይጓዛል

ቅልጥ አለት ከሥር ወደ ጎን እየሄደ ነው። የሚሄደው መሬቱ በቀላሉ በሚከፈትለት በኩል ነው። አፋር ላይ ምድር ወደ ሰሜን ምሥራቅና ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሚሳብ፣ ስንጥቁ የሚዘረጋው ጉተታውን አቋርጦ ነው። በመስከረም 1998 አፋር ውስጥ ባለው የዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ስንጥቅ በቅልጥ አለት ተሞልቶ ተከፈተ፤ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፋ። ከዚያ ሁሉ ቅልጥ አለት ግን ወደ ላይ የወጣው ጥቂት አመድና ድንጋይ ብቻ ነበር። አንዱ ስንጥቅ ሲከፈት ጎኖቹን ይጨቁናል፣ ጫፎቹን ይወጥራል። ተከታዩ ውጥረቱ ወዳልረገበበት ያመራል። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ በዚያው አካባቢ ከ10 በላይ ስንጥቆች ተከታተሉ፤ ገሞራ የተፉት ጥቂቶቹ ናቸው። በ2017 አዋሽ አጠገብ ባሉት የፈንታሌና የዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢም ሰው ተፈናቀለ፣ ቤት ፈረሰ፣ መሬት ተተረተረ፤ ቅልጥ አለቱ ግን አልወጣም። ስንጥቁ በሚሄድበት መስመር ላይ የሚኖር ሰው ውጣ ሲባል ይውጣ። ፍንዳታ ባይኖርም መንቀጥቀጡ ይገድላል።

አልፎ አልፎ ታሪኩ ያልተመዘገበለት ተራራ ይነሳል፤ አፋር ውስጥ ያለው ሃይሊ ጉቢ ኅዳር 14 ቀን 2018 እንዲህ ፈነዳ።

ምልክት፦ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ቤት ተሰነጠቀ

ዳባሁ ከደሴ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ፈንታሌ ከ200 በላይ። እዚያ የተፈጠረው ግፊት እኛ ጋ ሲደርስ ግድግዳ የሚሰነጥቅ አቅም አይኖረውም። ንዝረቱ ሊሰማ ይችላል፤ ያንን አልክድም። ደሴ የቆመችበት ድንጋይም የገሞራ ድንጋይ ነው። ግን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የቀዘቀዘ ነው።

እዚህ የማገኘው ውሃ ነው። አንድ ቤት ሄድኩ፤ ወለሉ ለሁለት ተከፍሏል። ባለቤቱ አፋርን ይረግማል። ከኋላ ስዞር አሸንዳው መሬት አይደርስም፤ የጣሪያው ውሃ በሙሉ መሠረቱ ላይ ይወርዳል። ከላይ የጎረቤት መጸዳጃ ጉድጓድ ያንጠባጥባል። ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍኖታል! ሲሚንቶ ላዩን ይሸፍናል እንጂ ከሥር የሚሄደውን ውሃ አያቆምም። ሌላ ጊዜ ኮምቦልቻ፣ ዋልካ ላይ የተሠራ ቤት ነበር። እናትየዋ «ልጄ፣ ክረምት ይገጥማል፣ በጋ ይከፈታል» አሉኝ። ምርመራው እዚያው አለቀ። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። ግማሽ ሜትር ቆፍሮ ዋልካ ላይ ግንብ የሚያቆም ግንበኛ ያናድደኛል። ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ የሌለው የድጋፍ ግንብም እንደዚሁ።

ከጣሪያ ውሃና ከዋልካ ቀጥሎ ያለው ሦስተኛው መንስኤ፣ የዳገት መንሸራተት፣ አደገኛው ነው። ስንጥቁ ከቤቱ በላይ ቁልቁለቱ ላይ በጨረቃ ቅርጽ ከታጠፈና የታችኛው ወገን ዝቅ ካለ፣ ዳገቱ ሊንሸራተት ነው። ባሕር ዛፉ ያዘነብላል፣ በር አልዘጋ ይላል፣ ያልነበረ ምንጭ ይፈልቃል። ከደሴ በላይ ባለው በጦሳ ተራራ ሥር ለቤት ሲባል የዳገቱ እግር ሲቆረጥ ይሄ ይመጣል። ዝናብ ከመጣ እዚያ ቤት አትደሩ። ልጆችን አታሳድሩ። ዕቃ ለማውጣትም ማታ አትመለሱ። ለቀበሌው በዚያው ቀን ተናገሩ።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ አሸንዳውን ጨርሱ፣ ውሃውን በቦይ ከቤቱ አርቁ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አስጠግኑ። መሬት ላይ ያለውን ስንጥቅ በሸክላ አፈር ሞልታችሁ ጠቅጥቁ። ግድግዳው ላይ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ሚስማር ምቱና ርቀቱን በየሳምንቱ በማስመሪያ ለክታችሁ ከነቀኑ ጻፉ። ከዝናብ በኋላ ከሰፋ ዳገቱን ጠርጥሩ። በበጋ ሰፍቶ በክረምት ከጠበበ ዋልካ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ልስን ይበቃዋል። ቅልጥ አለት የሚከፍተው ስንጥቅ ኪሎ ሜትሮችን ይሄዳል፤ የአንድ ሰው ሳሎን ላይ ጀምሮ ጓዳ ላይ አያልቅም።

ፍርሃቱን ግን አላጣጥልም። በ1953 ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ባለችው ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷታል፤ ያኔ ገሞራ አልፈሰሰም። ሊጎዳን የሚችለው ይሄ ነው፤ የሚጥለውም የተሰነጠቀውን ቤት ቀድሞ ነው። ስለዚህ ሚስማሮቹ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሳይንቀሳቀሱ ሳታዩ ፎቅ አትጨምሩ።