ጎንደር ላይ ቤት ሲነደፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ቆጣቢ ቤት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ሶላር ነው። ጎንደር ላይ ግን ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው ገና ፕላን ላይ ነው።

በጣም የተለመደው ስህተት መስታወቱን ወደ ምዕራብ ማዞር ነው። መንገዱ በዚያ በኩል ከሆነ «ፊቱ ወደ መንገድ ይሁን» ይባልና ግድግዳው ሙሉ መስታወት ይለብሳል። ከዚያ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መጋረጃ ተዘግቶ መብራት ይበራል! ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ኤሲ የሚያስፈልገው ቤት ከተሠራ ጥፋቱ የነዳፊው ነው። ዋና ዋና መስኮቶች ወደ ሰሜንና ደቡብ ይሁኑ። የቀትር ፀሐይ ከፍ ስለምትል የጣሪያው ክፈፍ ይከልላታል፤ ዝቅ ብላ የምትገባውን የማታ ፀሐይ ግን አያቆማትም። በታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታዘነብል ቤቱን ታሞቃለች።

ስለ ውሃ ችግር ለጎንደር ሰው ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሁሉም ሮቶ ይገዛል፤ የሚያገናኘው ግን ከቧንቧ ጋር ብቻ ነው። ከቆርቆሮው የሚወርደው ክረምቱን ሙሉ ግቢውን ቦርቡሮ ይሄዳል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 2,000 ሊትር ይሆናል። የሚባክነው ተቀንሶም ብዙ ነው። አሸንዳው ከነተዳፋቱ ፕላን ላይ ይግባ። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ውጭ ይፍሰስ። የቀረው ለልብስ፣ ለሽንት ቤትና ለአትክልት ይበቃል።

ድንጋይን መናቅም አለ። የፋሲል ግንብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በድንጋይና በኖራ ቆሟል፤ እኛ ግን ሁሉን በብሎኬትና በሲሚንቶ። ሲሚንቶ ሲመረት ብዙ ካርቦን ይለቃል። የጥርብ ድንጋይ የእጅ ዋጋ እንደማይቀመስ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ሙሉ ቤቱን አልልም። የምዕራቡ ግድግዳ ብቻ ወፍራም ድንጋይ ቢሆን የቀኑን ሙቀት ይዞ ያዘገየዋል። (ከአሮጌ ፍርስራሽ ድንጋይ አይነሣ፤ ቅርስ ነው።)

በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሀል የአየር ማስወጫም አይረሳ።

ሶላሩ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ፓነሉ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ስለሚል ለእሱ የሚሆን የጣሪያ ክፍል ይተው። ሮቶውን ከፓነሉ በስተደቡብ አትስቀሉት፤ ጥላው ያርፍበታል።