ያገለገለ መኪና ከመግዛትዎ በፊት፦ ማለዳ በደብረ ብርሃን፣ ቀጥሎ በጣርማ በር

ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ሊገዙ ከሆነ ከዋጋው በፊት ሻጩን አንድ ነገር ይለምኑት፤ «ነገ ማለዳ 12 ሰዓት እመጣለሁ፣ እስከዚያ ሞተሩን አታስነሣው» ይበሉት። ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳር ውርጭ ብዙ የተደበቀ ችግር ያወጣል። ታናሽ ወንድሜ የናፍጣ ፒክአፕ የገዛው ከቀትር በኋላ፣ ሞተሩ ሞቆ ቆይቶት ነው። በማግስቱ ማለዳ በጎረቤት ግፊት ተነሣ። ስለዚህ ሲደርሱ መጀመሪያ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ፤ ከሞቀ ሌላ ቀን ይቅጠሩ።

ማለዳ አልነሣ ካለ

ሞተሩ እየተጎተተ የሚዞር ከሆነ ባትሪውን ይጠርጥሩ። በደንብ እየዞረ የማይነሣ ናፍጣ ከሆነ ደግሞ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን ያስፈትሹ። ሁለቱም በቀላሉ ይቀየራሉ። እነዚህ ደህና ሆነው አሁንም ካስቸገረ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ቫልቩ አልቆ እመቃው፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ አየር የሚታመቅበት ኃይል፣ ደክሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ ሞተር መውረዱ አይቀርም፤ እኔ ብሆን እንዲህ ያለውን አልገዛም።

ጭስ

በብርድ ማለዳ ከጭስ ማውጫው የሚወጣ ነጭ እንፋሎት አያስደንግጥዎት፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ከሞቀ በኋላም ከቀጠለና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በመካከል ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል ብለው ይጠርጥሩ። የዘይት መለኪያውን ስበው ይዩት፤ ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ከታየ ውሃ ገብቶበታል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ከአየር ማጣሪያ ወይም ከናፍጣ መርጫ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በዚህ ከፍታ ጥቂት ቢያጠቁር አይፈረድበትም።

ጉልበት ካነሰ

እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር መድከሙ ተፈጥሯዊ ነው። የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ ፍጥነቱ ካልጨመረ ግን ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ደህና ከሆነ ሞተሩ ይጠፋል። ካልጠፋ ፍሪሲዮኑ መቀየር አለበት፤ ወጪውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።

ሰነዱ

የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ራስዎ ያመሳክሩ፤ ዕዳና እግድ አለመኖሩን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ያጣሩ።

ቁልቁለቱ

ሻጩ ከፈቀደ አብረው ወደ ደብረ ሲና ይውረዱ። የጣርማ በር መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ጀምሮ የሚወርድ ስለሆነ ሜዳ ላይ የማይታይ የፍሬን ሕመም እዚያ ይገለጣል። በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ማርሹ ራሱ እየዘለለ ከወጣ ካምቢዮው ታሟል፣ ጥገናውም ውድ ነው። ፍሬን ሲይዙ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል። ወደ አንድ ጎን ከሳበ አንደኛው ፍሬን ከሌላው እኩል አይዝም። መርገጫው እየለሰለሰ ከሄደ ወዲያው ዳር ይዘው ያቁሙ፤ ያረጀ የፍሬን ዘይት ውሃ ስለሚስብ ሲግል ይፈላል። ደብረ ሲና ሲደርሱ እጅዎን ወደ አራቱም ቸርኬዎች ያስጠጉ፣ ግን አይንኩ። ከሌሎቹ ለይቶ የሚፋጅ ካለ የዚያ ጎማ ፍሬን አይለቅም።

ሲመለሱ ውሃ ካፈላ

አቀበቱ ለራዲያተሩ ትልቅ ፈተና ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሞተሩ ከዚያ በላይ ሞቆም እንዳያፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ መያዙ ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ጤነኛ ሞተርም ያፈላል። ስለዚህ «ቴስታታ ይውረድ» ከመባሉ በፊት፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ፣ ክዳኑን ቀይረው ይሞክሩ። ውሃው ዝገት መስሎ ከቀላ ራዲያተሩ ይታጠብ። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚይዘው ቴርሞስታት መኖሩንም ይጠይቁ፤ ማፍላቱን ለማስቆም አውጥተው የሚጥሉት መካኒኮች አሉ። ያለ እርሱ ሞተሩ በዚህ ብርድ ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅም ይበላል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከተንፈቀፈቀ ግን ጓርኒሲዮኑ ነው፤ ቁልፉን ለሻጩ ይመልሱለት።