በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ብቻ ቁጥርን ወደ ቮልቴጅ እንዴት መቀየር ይቻላል?

ስልካችሁ ላይ ያለው ዘፈን የቁጥር ክምር ነው። ስፒከር ደግሞ ቁጥር አይገባውም፤ ከፍ ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ነው የሚፈልገው። መሃል ላይ የሚገባውን መቀየሪያ በሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት በሚገታ ትንሽ ዕቃ) ብቻ መሥራት ይቻላል።

ቁጥሩ የተጻፈው በዜሮና በአንድ ነው፤ እያንዳንዷ ዜሮ ወይም አንድ ቢት ትባላለች። ቶሎ የሚታሰበው መንገድ ለየቢቱ የሬዚስተሩን ልክ እጥፍ እጥፍ እያሉ መሄድ ነው፦ 10፣ 20፣ 40፣ 80 ኪሎኦም። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ስምንተኛው ቢት ላይ 1,280 ኪሎኦም ይደርሳል። 40 እና 80 ደግሞ በተለመዱት ልኮች ውስጥ የሉም፤ ጅማ መርካቶን ብታስሱ የሚገኘው 39 እና 82 ነው። ስለዚህ መሰላል እንሥራ።

1. 13 ባለ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ያዙ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ካወቃችሁ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለም ይሆናል። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ መስመር ያለውን ፈልጉ። ከዚያ በቴስተር ለኩ። ሁሉም 9.9 ቢሆኑ ችግር የለም፤ ዋናው እርስ በርስ መመሳሰላቸው ነው።

2. አሥሩን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ በተከታታይ ቀጥሉ። አምስት ባለ 20 ጥንድ ወጣችሁ።

3. የቀሩትን ሦስቱን በአንድ መስመር ቀጥሉ። ጫፎቹን ጨምሮ አራት ነጥብ ይኖራል። በየነጥቡ አንድ ጥንድ አንጠልጥሉ። አምስተኛው ጥንድ ከመጀመሪያው ነጥብ ወደ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት ወደሆነው መስመር) ይሄዳል። እሱ ከተረሳ ስሌቱ በሙሉ ይበላሻል።

4. የአራቱን ጥንዶች ነጻ ጫፍ በቅደም ተከተል ከአርዱዊኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጻፍለት ትንሽ ቦርድ) ፒን 8 እስከ 11 አገናኙ። ግራውንዱም የጋራ ይሁን። የምትለኩት አራተኛው ነጥብ ላይ ነው።

ለምን ይሠራል? ፒኖቹ ዜሮ ላይ ሲሆኑ ግራውንድ ናቸው። መጀመሪያው ነጥብ ላይ ሁለት 20 ጎን ለጎን ሆነው 10 ይሆናሉ። የመስመሩ 10 ሲጨመር 20። ቀጣዩ ነጥብም ያው 20 እና 20 ነው የሚያየው። እንዲህ እያለ ይደጋገማል፤ ከመውጫው አንድ ነጥብ በራቃችሁ ቁጥር የቢቱ ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል።

5. ፒኖቹን አንድ በአንድ ብቻቸውን አብሩ። በ5 ቮልት ፒን 11 ወደ 2.5፣ ፒን 10 ወደ 1.25፣ ፒን 9 ወደ 0.63፣ ፒን 8 ወደ 0.31 ይሰጣል። አራቱም ሲበሩ 4.69 ነው። ለምን 5 አልሞላም ብላችሁ አትደንግጡ፤ 16ቱ ደረጃዎች ከዜሮ ስለሚጀምሩ ነው።

ሸፍጡ ያለው ቁጥሩ ከ7 ወደ 8 ሲያልፍ ነው። ሦስት ቢት በአንዴ ጠፍቶ አንዱ ይበራል፤ ቮልቴጁም ከ2.19 ወደ 2.5 መውጣት አለበት። ጭማሪው ካነሰ ወይም ጭራሽ ከወረደ የፒን 11ን ጥንድ ጠርጥሩ። በጣም የሚመሳሰሉትን እዚያ አድርጉ።

መውጫው ላይ ኢርፎን በቀጥታ አትሰኩ። መሰላሉ ራሱ 10 ኪሎኦም የውስጥ መቋቋም ስላለው 32 ኦም ሲጫንበት ቮልቴጁ ድምጥማጡ ይጠፋል። መሃል ላይ እንደ ኤልኤም358 ያለ ኦፕአምፕ (ቮልቴጁን እንዳለ ተቀብሎ በራሱ ጉልበት የሚያወጣ ቺፕ) አስገቡ፤ መውጫውን ወደ ኔጌቲቭ መግቢያው መልሱት። በ9 ቮልት አስነሱት፤ በ5 ቮልት ከሠራ የላይኞቹን ደረጃዎች ይቆርጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ማጉያ ላላቸው የኮምፒውተር ስፒከሮች ማብላት ትችላላችሁ።